ጉልቻ ሲለወጥ፤ የጋገራና የቁጠባ ታሪክ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

መግቢያ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ብሂል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሹም ሽር ነው። ስለ ጉልቻው ስለ ራሱ ሲነገር ግን ብሂሉ ግማሹን እውነት ብቻ ይዟል። ወጡን የሚያጣፍጠው የባለሙያዋ እጅ ስለ ሆነ ጉልቻው ቢለወጥ ጣዕሙ አይለወጥም፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ጉልቻው ሲለወጥ የሚነደው እንጨት መጠን፣ የሚተነፈሰው ጢስ፣ በእሳት ዳር የሚያልፈው ሰዓት ይለወጣል። እነዚህ ሁሉ ለቤተሰቡም ለአገሩም የሚከፈልባቸው ነገሮች ናቸው።

በአሁኑ ዘመን ስለ ምግብ አሠራር የሚነገረውንና የሚታየውን ለማየትና ለመስማት ያለው ጉጉት ከፍ ያለ ነው። የጆርዳና ኩሽናን የመሳሰሉ የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ብዙ ተመልካች አፍርተዋል። በቴሌቪዥን አቅራቢነቱ የታወቀው የምግብ ባለሙያ ዮሐንስ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ኢትዮጵያ ምግብ የጻፈው መጽሐፍ በውጭ አገር ታትሟል። ኬክና ዳቦ በቤት መጋገር፣ ያገለገለ ዕቃ ፈልጎ በርካሽ መግዛትና ለሌላ ሥራ ማዋል የብዙ ወጣት ቤተሰቦች ደስታ ሆኗል። ይህ ጉጉት መልካም ነው። ሆኖም ትኩረቱ ሁሉ በምጣዱ ላይ ባለው ነገር ላይ ሲያርፍ ከምጣዱ በታች ያለው እሳት ተረስቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ተመርኩዞ የቤት ውስጥ ጋገራና ቁጠባ ምን ዓይነት ዕውቀት እንደ ነበረ፣ ከምድጃ ወደ ምድጃ የተደረገው ሽግግርም ምን እንዳስተማረ ባጭሩ ማሳየት ነው።

የአገሩ አቀማመጥና የእህሉ ጠባይ

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በአቀስታ በኩል የሚጓዝ ሰው የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ ይደርስባታል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደጋው ተቆርጦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ የገብስና የባቄላ ደጋ፣ የጤፍና የስንዴ ወይና ደጋ፣ የማሽላ ቆላ ይገኛሉ። ገበያውም እነዚህን ሁሉ በአንድነት የሚያገናኝ ነው።

ይህ የእህል ልዩ ልዩነት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚያን ጊዜ አምሐራ ተብሎ ይጠራ በነበረውና ዛሬ አብዛኛው በደቡብ ወሎ በሚገኘው አገር አልፏል። በጻፈው የጉዞ መጽሐፍም የአገሩ ሰው ከስንዴና ከገብስ ብቻ ሳይሆን ከጤፍ፣ ከአተር፣ ከምስር፣ ከባቄላና ከተልባ ሳይቀር እንጀራና ቂጣ እንደሚጋግር ገልጿል። ለአውሮፓዊው እንግዳ ነገር የሆነበት ይህ ነበር። ለደጋው ሰው ግን ውርጭ አንዱን እህል ቢመታ ሌላው እንዲተካው የሚደረግ ጥንቃቄ ነበር። በበልግም በመኸርም የሚዘራው ገብስ የዚህ ጥንቃቄ ዋና ምሰሶ ነው።

ከፍታው በእህሉ ብቻ ሳይሆን በእሳቱም ላይ ሕግ ያወጣል። በመካነ ሰላም ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። እሳቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ከዚህ በላይ አይሞቅም፤ የተጨመረው እንጨት እንፋሎቱን ያበዛል እንጂ ባቄላውን ቶሎ አያበስለውም። ንፍሮ የብዙ ማገዶ ምግብ የሆነው በዚህ ነው።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ሽሮ የሚያስደንቅ የአሠራር ዘዴ ነው። ባቄላው ወይም አተሩ አስቀድሞ ይቆላል፤ ይከካል፤ ይፈጫል። በምጣድ ላይ የሚቆላ ነገር በውሃው መፍያ ዲግሪ አይወሰንም፤ ሙቀቱ እጅግ ከፍ ሊል ይችላል። ዱቄት የሆነው ጥራጥሬም የላይኛው ገጽ ስለሚበዛ በጥቂት ጊዜ ይበስላል። በአንድ ቀን እሳት የወራት ሥራ አስቀድሞ ይጠናቀቃል ማለት ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። መንገደኛው ለመመገብ ሌላ እሳት አያስፈልገውም።

ዛሬ በቴሌቪዥን አይቶ ወይም ከውጭ አገር መጽሐፍ ቀድቶ ኬክ ለመጋገር የሚነሣ ሰውም ይህንኑ ሕግ ማወቅ ይገባዋል። ለባሕር ጠረፍ የተጻፈው የእርሾ ዱቄትና የመጋገሪያ ጊዜ መጠን በደጋ ላይ እንዳለ አይሠራም። ግፊቱ አነስተኛ ስለ ሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው አየር ፈጥኖ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ከፍ ይልና መካከሉ ይሰጥማል። የእርሾውን ዱቄት መቀነስ፣ ውሃውን ጥቂት መጨመር፣ እሳቱን መጠነኛ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የደጋ እናቶች ይህን በቁጥር ባይጽፉትም በሊጡ መልክ ያውቁታል።

ምጣዱና የሠሪዎቹ ዕጣ

እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከሸክላ የሚሠራ፣ ስፋቱ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ውፍረቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዝርግ ገበታ ነው። ሸክላ ሙቀትን እንደ ብረት ፈጥኖ አያሳልፍም። በዚህም ምክንያት ከሥሩ ያለው ነበልባል ወዲያና ወዲህ ቢወዛወዝም የላይኛው ገጽ ሙቀት ብዙ አይለዋወጥም። ሊጡ በሚፈስበት ጊዜ ገጹ 200 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ከዚህ ካነሰ እንጀራው ዓይን አያወጣም፤ እጅግ ከበለጠም ያርራል። ጋጋሪዋ ግን ይህን የምታውቀው ያለ መለኪያ ነው። ጥቂት ሊጥ ወይም ውሃ ጠብ አድርጋ በድምፁና በእንፋሎቱ ትፈርዳለች።

አዲስ ምጣድ ከገበያ መጥቶ ወዲያው አይጋገርበትም፤ መሟሸት አለበት። በእሳት እየጋለ በተወቀጠ ጎመንዘር ደጋግሞ ሲታሸት የሸክላው ቀዳዳዎች በዘይቱ ይደፈናሉ፤ ገጹ ይጠቁራል፤ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ እንጀራው ሳይጣበቅ ይነሣል። ዛሬ በፋብሪካ የማያጣብቅ ሽፋን እየተባለ የሚሸጠው ነገር ተግባሩ ይኸው ነው።

ይህን ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበራቸው ቦታ ዕቃው ከሚሰጠው ጥቅም ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ነበር። ሸክላ ሠሪዋም፣ ማረሻና ቢላ የሚቀጠቅጠው ብረት ሠሪም በዓይነ ጥላና በቡዳነት ይታሙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው ምክንያት መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ የበሽታውን ስፋት ያሳያል እንጂ በአንድ ጊዜ አላዳነውም። የጉዳቱ አንዱ ፈርጅ ሥነ ምግባራዊ ነው፤ ሁለተኛው ግን የምሕንድስና ነው። ሠሪው ሲናቅ ዕውቀቱ ከቤተሰቡ አይወጣም፤ ምጣዱም ለብዙ ዘመን በነበረበት ይቀራል። የምጣዱ ሥር ለምን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሦስት ድንጋይ ላይ ብቻ ቆየ ለሚለው ጥያቄ ይህ አንዱ መልስ ይመስለናል።

ቁጠባ ማለት ዕውቀት ነው

ታሪክ ድግሱን ይመዘግባል፤ ቁጠባውን ይዘነጋል። እቴጌ ጣይቱ በመስከረም 1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ያዘጋጁት ታላቅ ግብር በሥጋው፣ በጠጁና በእንጀራው ብዛት እስከ ዛሬ ይነገርለታል። ብዙም ሳይቆይ ግን በከብት እልቂት የጀመረው ክፉ ቀን አገሩን መታ። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ወሎም ከተጎዱት አንዱ ሆነ። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱትን የረኃብ ዘመናትም ወሎ ከማንም በላይ ያውቃቸዋል። በዚህ አገር አንድ እፍኝ ዱቄት መቆጠብ የስስት ምልክት ሳይሆን ቤትን ከዓመት ወደ ዓመት የማሻገር ብልኀት ነበር።

ብልኀቱ በየዕለቱ ሥራ ውስጥ ይታያል። ከሊጡ ላይ የሚቀረው እርሾ ለሚቀጥለው ቡኮ ይቀመጣል፤ ጎረቤት እርሾዋ ቢጠፋባት ከጎረቤት ትወስዳለች። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውሃ ይመታና አብሲት ሆኖ ይመለሳል። በዚህም ግሉተን የሌለው ጤፍ ሊጡን የሚያያይዝለት ነገር ያገኛል። የጤፍ ዋጋ ሲከብድ ገብስ ወይም ማሽላ ይቀላቀላል። የተረፈው እንጀራ በፀሐይ ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል፤ ወር ተቀምጦም በውሃና በበርበሬ ፍርፍር ሆኖ ይበላል። የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል። ለድፎ ዳቦ የሚነጠፈው ኮባ እንዳያር ይከላከላል፤ መዓዛም ይጨምራል። ከላይ በሌላ ምጣድ ላይ የሚደረገው ፍም ደግሞ ያለ ምድጃ ቤት ከላይና ከታች የሚያበስል እሳት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጣል ነገር አይታይም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና በሚኖሩበት በወሎ ደግሞ የጾሙና የበዓሉ ተራ ስለሚለያይ ዕቃና እርሾ መዋዋስ የኑሮ ደንብ ነው።

ያገለገለ ዕቃን ለሌላ ሥራ ማዋልም የዚህ ዕውቀት ክፍል ነው። በረኃቡ ዘመናት በዕርዳታ የመጣው ዘይት ሲያልቅ ቆርቆሮው አልተጣለም። በየገጠሩ የእህል መስፈሪያ፣ የውሃ መቅጃ፣ የከሰል ማንደጃና ኩራዝ ሆኖ አገልግሏል። በከተማ ይህ ሥራ ሙያ ሆነ። በየመንደሩ «ቁራሌው» እያለ የሚዞረው ሰው የሚሰበስበው ቆርቆሮና ብረት፣ ልዋጭ የሚሉትም በአዲስ ዕቃ የሚለውጡት አሮጌ ልብስ መጨረሻው ገበያ ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ የሚገኘው ምናለሽ ተራ በዚህ ረገድ ትልቅ የሥራ ቤት ነው። በርሜሉ ተቀዶ ምድጃ፣ የመኪና ጎማው ተቆርጦ በረባሶ፣ የቀለም ቆርቆሮው ክዳንና መጥበሻ ይሆናል። ዛሬ በሠለጠነው ዓለም «መልሶ መጠቀም» እየተባለ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት በምናለሽ ተራ በመዶሻ ድምፅ ሲሰጥ ኖሯል።

የእሳቱ ሒሳብ

ቁጠባው ይህን ያህል ጥብቅ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ መክሸፉ ለምንድን ነው? ቦታው እሳቱ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ ከሥሩ ከየአቅጣጫው ክፍት ነው። ነፋስ ነበልባሉን ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ፍሙ ወደ መሬትና ወደ ግድግዳ ይሞቃል። ከእንጨቱ ሙቀት ለሊጡ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው።

ሒሳቡን በቀላሉ መሥራት ይቻላል። ግማሽ ኪሎ ግራም ከማይሞላ ሊጥ አንድ እንጀራ ለማውጣት ሊጡን ማሞቅና ከውስጡ ከመቶ ግራም ያላነሰ ውሃ ማትነን ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት በግምት ከ300 እስከ 400 ኪሎ ጁል ነው። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 15,000 ኪሎ ጁል ያህል ይሰጣል። ሙቀቱ ሁሉ ቢያዝ ኖሮ አንድ ኪሎ እንጨት አርባ እንጀራ በጋገረ ነበር። በክፍት ጉልቻ ላይ ግን ከዚያው ኪሎ የሚገኘው አራት ወይም አምስት እንጀራ ነው። ሠላሳ እንጀራ የምትጋግር እናት በአንድ ጋገራ ሰባት ኪሎ ያህል እንጨት ታነዳለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብትጋግር በዓመት ከሰባት ኩንታል በላይ ይሆናል። ይህ ለጋገራ ብቻ ነው፤ ለወጡና ለቡናው የሚሆነው አልተቆጠረም። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚጠፋው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ ነው የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ይህ ሒሳብ በዓይን ይታያል። ብዙው ኮረብታ ተራቁቷል። በሳይንትና በቦረና መካከል የሚገኘውና የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ማዕከል የሆነው የደንቆሮ ጫካ ጥዱን፣ አስታውን፣ ጭላዳ ዝንጀሮውንና ቀይ ቀበሮውን ይዞ የተረፈ ቅሪት ነው። ጫካው ሲርቅ ገበሬው ወደ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ወደ ኩበት ዞረ። ኩበት ሲነድ ግን ለማሳው ይሆን የነበረው ፍግ በምድጃ ውስጥ አመድ ይሆናል። ዛሬ እንጀራ የጋገረው እሳት የከርሞውን ገብስ ያቀጥናል። በጓዳዋ አንዲት ቅሪት የማታባክነው እናት ሳትወድ በግድ አፈሩን እንድታባክን የተገደደችው ከመሣሪያ ጉድለት ነው እንጂ ከጥንቃቄ ጉድለት አይደለም።

ሌላው ክፍያ ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል። ጢሱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በእሳት ዳር የሚውሉ ሴቶችንና በጀርባቸው ያሉ ሕፃናትን ነው። የእንባና የሳል ዋጋ በማገዶ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ ነፃ ይመስል ነበር።

ምርጥ ምድጃ ያስተማረው

እሳትን በግድግዳ መክበብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በባቫርያ መንግሥት ያገለገለው የአሜሪካ ተወላጁ ሳይንቲስት ራምፈርድ በሙኒክ ለድሆች ሾርባ ሲያዘጋጅ የኩሽናውን እሳት በጡብ ከብቦ የሚጠፋውን ማገዶ በሚዛን ለካ፤ ቁጠባው ከፍተኛ መሆኑንም አስመሰከረ። የሙቀት ምርምሩና የድሆች ኩሽናው አንድ ሰው በአንድ ዘመን የሠራቸው ነበሩ።

በእኛ አገር የተሻሻለ ምድጃ ጥናት በ1970ዎቹ ዓ.ም. ተጠናከረ። የቡራዩ መሠረታዊ ቴክኖሎጂ ማዕከል ከሸክላና ከጭቃ የተሠሩ ዝግ ምድጃዎችን ሞክሯል። በጊዜው የተደረጉት የኃይል ጥናቶች አገሪቱ ከምትጠቀምበት ኃይል ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ከእንጨት፣ ከኩበትና ከሰብል ቅሪት እንደሚገኝ አረጋገጡ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በዓለም ባንክ ርዳታ በተካሄደ ፕሮጀክት የኢትዮጵያ የኃይል ጥናትና ምርምር ማዕከል ሁለት ምድጃዎችን አወጣ። አንደኛው ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ጋር የሚቀራረበው የከሰል ምድጃ ላቀች ነው፤ ሁለተኛው ለእንጀራ ጋገራ የተሠራው ምርጥ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ምርጥን በልዩ ልዩ ክልሎች፣ በአማራ ክልልም ጭምር እንዲስፋፋ ረድቷል።

ምርጥ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በቅርጽ እየተጣለ የሚሠራ ነው። የተለያዩ ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ምጣዱን የሚሸከም ክብ ግድግዳ ይሆናሉ። ከኋላ የሚወጣው ትኩስ ጢስ በመውጫው ላይ የተቀመጠ ድስት ወይም ጀበና እንዲያሞቅ ተደርጓል። ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል። ከላይ በሠራነው ሒሳብ መሠረት ለአንድ ቤት በዓመት ከሦስት ኩንታል ተኩል በላይ እንጨት ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስተምረው ምርጥ የተቀበለበት ምክንያት ነው። ምርጥ ጋጋሪዋን አዲስ ምጣድ እንድትገዛ አላስገደዳትም፤ ያሟሸችውን ምጣድ እንዳለ ተሸከመላት። እንጀራው ያው እንጀራ ሆነ፤ ዓይኑም ጣዕሙም አልተለወጠም። ነበልባሉ ወደ ፊቷ መምጣቱን አቆመ። በመውጫው ላይ የተጣደው ድስት ያለ ተጨማሪ እንጨት ሞቀ፤ ይህም በጓዳው የቆየውን አንዱን ነገር ለሁለት የማዋል ልማድ ተከተለ። በክፍል እየተጣለ የሚሠራ በመሆኑም በየከተማው ያሉ ግለሰቦች ቅርጹን ይዘው ሠርተው ሊሸጡት ቻሉ። መሣሪያው የተመዘነው በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን በባለሙያዋ ሚዛን ነበር ማለት ነው። የጉዞው እንቅፋትም በዚያው ሚዛን ይታያል። ኩበትና እንጨት ከገበያ ሳይሆን ከሜዳ በሚለቀምበት ገጠር ለሲሚንቶ የሚወጣው ጥሬ ገንዘብ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ምድጃው በከተማ የሄደውን ያህል በገጠር አልሄደም።

የኤሌክትሪክ ምጣድና የዓባይ ኃይል

ሌላው የጉልቻ ለውጥ ኤሌክትሪክ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አሠራር ከሸክላው ብዙ አልራቀም። በሸክላው ገበታ ሥር ጠመዝማዛ ቦይ ይቆፈራል፤ የሬዚስታንስ ሽቦ ይዘረጋበታል፤ በጀሶ ይደፈናል፤ በላሜራ ይታቀፋል። የሸክላ ሠሪዋ ጥንታዊ ሙያና የመርካቶ ቆርቆሮ ሠሪ እጅ በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ዘዴ አገኙ። በሰሜን አሜሪካ ለኖርዌይ ተወላጆች ሌፍሴ የተባለ ቂጣ መጋገሪያ ተብሎ የሚሸጠውን፣ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ገዝተው እንጀራ ጋገሩበት። ዳንኤል ጆቴ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1987 በእንግሊዝኛ ያሳተመው የኢትዮጵያ ምግብ መጽሐፍም ከእናቱ ጓዳ ለራቀ ትውልድ እንደ ጓዳ ሆኖ አገልግሏል። ለሌላ ሥራ የተሠራን ዕቃ ለራስ ማዋል ከዘይት ቆርቆሮው ጋር አንድ ዓይነት ብልኀት ነው።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ይህን ቁጥር ከዓባይ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ቦረናን በምዕራብ የሚያዋስነው ወንዝ ጉባ ላይ ተገድቦ፣ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ኃይል በሙሉ ያለ አንዳች ብክነት ለምጣድ ብቻ ቢሰጥ በአንድ ጊዜ ሊያነድ የሚችለው 1.5 ሚሊዮን የማይሞላ ምጣድ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ይህ ስንት ቤት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። በዓል ዋዜማ ላይ ሁሉም በአንድ ሰዓት ሲጋግር መብራት የሚደክመው በዚህ ነው።

ስለዚህ ግድብ መሥራት ብቻ ጉልቻውን አይለውጥም። በምጣዱ ሥርና በጎን የሚባክነውን ሙቀት በመከላከያ መያዝ፣ ሸክላውን ማሳሳት፣ ምጣዱ ሞቆ ሳለ ብዙ አከታትሎ መጋገር፣ ጋገራውን ኃይል ከማይበዛበት ሰዓት ጋር ማስማማት ከአዲስ ጣቢያ ያልተናነሰ ኃይል ያስገኛሉ። ከምጣዱ የሚድን እያንዳንዱ መቶ ዋት በአንድ ሚሊዮን ምጣድ ሲባዛ መቶ ሜጋ ዋት ይሆናል። ምጣዱ ትንሽ ዕቃ ቢመስልም በብዛቱ ምክንያት ከአገሪቱ ትላልቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር የሚቆጠር ነው።

መደምደሚያ

ከታሪኩ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። የደጋው ጓዳ ዕውቀት የጎደለበት ቦታ አልነበረም። እርሾውን፣ ሽሮውን፣ ድርቆሹንና ማሟሸቱን ያወጣው ሕዝብ ቁጥር ባይጽፍም ሚዛን ነበረው። የጎደለው ያን ሚዛን አክብሮ ከምጣዱ ሥር የሚገባ ባለሙያ ነበር። በሙያቸው የተናቁት ሸክላ ሠሪዎች እንዲያሻሽሉ ዕድል አልተሰጣቸውም፤ የተማሩት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ምጣድን የምሕንድስና ጉዳይ አድርገው አላዩትም። የዘለቀው ማሻሻያ የጋጋሪዋን ማገዶ፣ ጊዜ፣ ዓይን፣ ጣዕምና ገንዘብ በአንድነት የቆጠረው ነው፤ ከእነዚህ አንዱን የዘነጋው ደግሞ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ዛሬ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ስለ ቅመምና ስለ ሊጥ በጉጉት የሚማረው ትውልድ ለዚህ ሥራ ትልቅ ሀብት ነው። የምግብ ዝግጅት አቅራቢዎች ስለ ጨው መጠን የሚናገሩትን ያህል ስለ እሳት መጠን ቢናገሩ፣ በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ የሚያስተምረው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ደግሞ የአካባቢያቸውን ምጣድ፣ ሸክላና ማገዶ በሚዛን ላይ ቢያኖሩ፣ ጉጉቱ ወደ ጥቅም ይለወጣል። የሙያ ማኅበራችን አባላትም ድልድይና ግድብ ስናሰላ እንደምንጠነቀቅ ሁሉ በየቤቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚነደውን እሳት ማስላት ከክብራችን በታች አይደለም።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ እንደማያጣፍጥ አባቶች ነግረውናል። ጉልቻው በትክክል ሲለወጥ ግን የደንቆሮ ጥድ ቆሞ ይቀራል፤ ፍጉ ወደ ገብሱ ማሳ ይመለሳል፤ የጋጋሪዋም ዓይን ከጢስ ያርፋል።